ጭንቅላቱን የተመታ ስፖርተኛ መቼ ይመለስ?

ኦክቶበር 14 ቀን 2006 ቼልሲ ከሬዲንግ ሲጫወት ግብ ጠባቂው ፒተር ቼክ በተጋጣሚ ጉልበት ተመትቶ የራስ ቅሉ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ከሦስት ወር በኋላ የራግቢ ቆብ አጥልቆ ወደ ሜዳ ተመለሰ።

ቆቡ የራስ ቅልን ይጠብቃል፤ አንጎል እንዳይናወጥ ግን አያግድም።

ለተናወጠ አንጎል ቀድሞ የሚታዘዘው ጨለማ ክፍል ውስጥ መተኛት ነበር። በ2022 አምስተርዳም የመከሩ ባለሙያዎች ግን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ረገብ ብሎ፣ በዚያው ጊዜም በእግር መንሸራሸርን ይመክራሉ። ቀጥሎ ሩጫ፣ ንክኪ የሌለው ልምምድ፣ በመጨረሻም በሐኪም ፈቃድ ግጥሚያ ይመጣል። እያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል፤ ራስ ምታቱ ወይም ማዞሩ ከባሰ አቁሞ በማግስቱ መሞከር ነው።

የተመታው ሰው ደጋግሞ ካስታወከ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ሳትዘገዩ ሆስፒታል አድርሱት።