የ45 ደቂቃው የሽንት ምርመራ

ትኩሳት ይዟችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ወባ መሆን አለመሆኑ ከጣት በተወሰደች አንዲት ጠብታ ደም በ20 ደቂቃ ገደማ ይነገራችኋል። ሽንት ሲያቃጥላችሁ ግን ነገሩ እንዲህ አይቀልም። ባክቴሪያው የትኛው እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለማወቅ ሽንቱ ለካልቸር ምርመራ ይላካል፤ በላቦራቶሪ እስኪራባም ሁለት ሦስት ቀን ይጠበቃል። እያቃጠለው ይህን ያህል የሚታገሥ ማን አለ? ስለዚህ ሐኪሙ በግምት አንቲባዮቲክ ያዝዛል። ግምቱ ከሳተ ሕመሙ ወደ ኩላሊት ሊወጣ ይችላል፤ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያም ይበዛል።

ለመሆኑ የወባው ምርመራ ለምን ፈጠነ? የወባ ተሕዋስያን ደም ውስጥ የሚተዉትን የታወቁ ፕሮቲኖች ብቻ ስለሚፈልግ ነው። ለባክቴሪያ ግን ስሙን ማወቅ አይበቃም። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ሁለት ሴቶችን ቢያሳምም አንዷን ያዳነው መድኃኒት ሌላዋን ላያድናት ይችላል።

ለዚህ መፍትሔ ለሚያገኝ 8 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያሸልም «ሎንጊቱድ» የተሰኘ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝ ተከፈተ። አሸናፊ እስኪገኝ 10 ዓመት ፈጀ! በጁን 2024 ሽልማቱን የወሰደው የስዊድኑ ሲስሜክስ አስትሬጎ ነው። ከግማሽ ሚሊ ሊትር ያነሰ ሽንት በአንዲት ትንሽ ካርትሬጅ ውስጥ ይጨመራል። በውስጧ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ቦዮች አሉ፤ ባክቴሪያዎቹ እዚያ ይያዛሉ። በአንዳንዶቹ ቦዮች መድኃኒት ያልፋል፣ በሌሎቹ አያልፍም። ካሜራ የተገጠመለት ማይክሮስኮፕ የትኛው ባክቴሪያ ማደጉን እንዳቆመ ይከታተላል። ባክቴሪያ መኖሩ በ15 ደቂቃ፣ ከአምስት አንቲባዮቲኮች የሚሠራው ደግሞ በ45 ደቂቃ ይታወቃል። ምርመራው ግን ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ብቻ ነው፤ ለጉሮሮም ለሳንባም አይሆንም።

ታዲያ ቶሎ የሚደርስ ውጤት ሁሉ አይታመንም። በአገራችን «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» ያላለ ሰው ጥቂት ነው። ለታይፎይድ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚያመርተውን አንቲቦዲ ነው። እርሱ ደግሞ ከዳኑ በኋላም ደም ውስጥ ይቆያል፤ በሌላ ሕመምም ሊታይ ይችላል። በአንድ ጊዜ የዊዳል ውጤት ብቻ መድኃኒት ከታዘዘላችሁ ሌላ ምርመራ ይኖር እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሽንት ሲያቃጥላችሁም ቤት የተረፈ እንክብል ከመዋጣችሁ በፊት ለምርመራ ሽንት ስጡ። አንቲባዮቲክ ከተወሰደ በኋላ የሚሰጥ ሽንት ባክቴሪያውን ላያሳይ ይችላል።