ሰዓቱ ጭንቀትን እንዴት ያያል?

አሶሳ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ለሱብሒ ሶላት ውዱእ እያደረገ ነው እንበል። ሦስት ሦስት ጊዜ ታጥቦ ጨርሷል። «ክርኔን ውኃው አልነካው ይሆን?» የሚል ሐሳብ ይመጣበትና እንደገና ይጀምራል። ጀሪካኑ ባዶ ይሆናል፤ ሶላቱም ያልፈዋል። ይህን የማያቆም ጥርጣሬ ሙስሊሞች ወስዋስ ይሉታል። ሲበረታና ኑሮን ሲያውክ ሐኪሞች ኦሲዲ የሚሉት ሕመም ነው። የተቆለፈ በር ደጋግሞ የሚፈትሸው የክርስቲያን ልጅም ሕመሙ ያው ነው።

ሕክምናው ሲሰሙት ጭካኔ ይመስላል። ልጁ አንዴ ታጥቦ ይነሣል፤ አይደግምም። ጭንቀቱ ያይላል፤ ከታገሠው ግን ቀስ በቀስ ይበርዳል። ቪክተር ሜየር የተባለ ባለሙያ ይህን መንገድ ለንደን ውስጥ ሞክሮ ውጤቱን በ1966 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ልጁ በዚያች ሰዓት አይዞህ የሚለው ባለሙያ ያስፈልገዋል። የአገራችን የአእምሮ ሐኪሞች ግን በብዛት ያሉት ከአሶሳ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቀው አዲስ አበባ ነው።

በቪዲዮ ማከም ርቀቱን ያሳጥራል፤ ጭንቀቱን የሚያሳብቀውን የልጁን የልብ ምት ግን አያሳይም። ስለዚህ የጀርመኑ ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወጣቶችን በኢንተርኔት ሲያክሙ የልብ ምትንና እንቅስቃሴን የሚለኩ፣ ከሰውነት ጋር የሚታሰሩ መሣሪያዎች ጨመሩበት። ኮፐንሀገን ላይም ላብን ጭምር የሚለካ፣ እንደ ሰዓት እጅ አንጓ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ተሞክሯል።

እንዴት ይሠራል? እናቶቻችን «በእርጥብ እጅህ ሶኬት አትንካ» ይላሉ፤ እርጥብ ቆዳ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሳልፋልና። ስንጨነቅ ሳናውቀው ያልበናል፤ መሣሪያው የማይሰማ ደካማ ኤሌክትሪክ ልኮ ያንን እርጥበት ይለካል። የልብ ምቱን ደግሞ በብርሃን ያያል። ማታ የስልካችሁን መብራት በጣታችሁ ሸፍኑት፤ ጣታችሁ ቀይ ሆኖ ይበራል። ደም አረንጓዴውን ብርሃን ውጦ ቀዩን ስለሚያሳልፍ ነው። ሰዓቱ አረንጓዴ ብርሃን ያበራል፤ ልብ በመታ ቁጥር የሚመለሰው ብርሃን ይቀንሳል።

ነገር ግን የአሶሳ የመጋቢት ሙቀትም ላብ ያመጣል፤ ሩጫም የልብ ምት ያፈጥናል። ጥቁር ቆዳ ደግሞ አረንጓዴውን ብርሃን ይበልጥ ይውጣል። ስለዚህ ሰዓቱ እኛው አገር፣ በእኛው ልጆች እጅ ላይ ሳይፈተሽ ሊታመን አይገባም እላለሁ። ሐሳብንም አያነብም፤ ልጁን «አሁን ምን ተሰማህ?» ብሎ መጠየቅ አይቀርም።

ልጃችሁ መታጠቡን መተው ካቃተው አትቆጡት፤ አታሹፉበትም። ለጭንቀቱ ከ0 እስከ 10 ነጥብ እየሰጠ፣ የተሰማውንም ጊዜ አብሮ በደብተር ይጻፍ። ደብተሩን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቁ።