ስለ ኤሌክትሪክ ፍሰት ገደብና ስለ መስፈሪያው ልክ

የኤሌክትሪክን ነገር ለልጆች በሥራ ለማሳየት የሚያስብ መምህር ሁሉ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። አንደኛው ግፊት ነው፤ በቮልት ይለካል። ሁለተኛው ፍሰት ነው፤ በአምፔር ይለካል። ጀርመናዊው ሊቅ ጌኦርግ ኦም በ1827 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ፤ በሽቦ ውስጥ ግፊቱ በጨመረ መጠን ፍሰቱም እንደሚጨምር አስረድቷል።

ነገር ግን ዕቃ ሁሉ እንደ ሽቦ አይደለም። ኤል ኢ ዲ የምትባለው ትንሽ ቀይ መብራት 2 ቮልት ያህል ሲደርሳት ትበራለች፤ ከዚያ ወዲያ ግፊቱ በጥቂቱ እንኳ ቢጨመር ፍሰቱ እጅግ በዝቶ ያቃጥላታል። የሚበቃት 20 ሚሊ አምፔር፤ ይኸውም የአንድ አምፔር ሃምሳኛ እጅ ነው።

ስለዚህ ትእዛዝን በቁጥር ተቀብሎ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ ተሠራ። በዚህ መሣሪያ ላይ የሚወሰነው የፍሰት ገደብ እንደ መስኖ በር ነው፤ ከተወሰነው በላይ አያሳልፍም። 5 ቮልት እንዲሰጥ ታዝዞ ገደቡ 20 ሚሊ አምፔር ቢሆን፤ ፍሰቱ ከገደቡ ሲደርስ መሣሪያው ራሱ ግፊቱን ወደ 2 ቮልት ገደማ ዝቅ ያደርገዋል፤ መብራቷም ትድናለች።

ልክ ግን ከገደብ የተለየ ነው፤ የመስፈሪያው ትልቅነት ነውና። አንድ እፍኝ ጤፍ በቁና ቢሰፍሩት መጠኑ አይታወቅም፤ የቁናም እህል በስኒ አይያዝም። ኪዝሊ 2400 የተባለው መሣሪያ ከ1 ማይክሮ አምፔር እስከ 1 አምፔር 7 የፍሰት ልኮች አሉት። ገደቡ 20 ሚሊ አምፔር ሆኖ ሳለ ልኩ በ10 ሚሊ አምፔር ላይ ቢታሰር፤ ፍሰቱ 10.5 ሚሊ አምፔር ላይ ይቆማል፤ ከሁለቱ የሚያንሰው ይገዛልና። ይህን ያላወቀ ሰው መብራቷ ስትደክም አይቶ፤ ያለ ጥፋቷ ተበላሽታለች ብሎ ይጥላታል። ስለዚህ ከገደቡ በላይ ካሉት ልኮች ቅርቡን፤ ማለት 100 ሚሊ አምፔርን መምረጥ ይገባል።

ደግሞም ገደብ ዕቃን ይጠብቃል እንጂ ሰውን ይጠብቃል ተብሎ አይታመንም። ይኸው መሣሪያ በ20 ቮልት ልክ እስከ 1 አምፔር፤ በ200 ቮልት ልክ ደግሞ እስከ 100 ሚሊ አምፔር ይሰጣል። ፍሰቱ አነሰ ተብሎ 200 ቮልት ያለበትን ሽቦ መንካት ብርቱ አደጋ ነው። በትምህርት ቤት ከ12 ቮልት ባይታለፍ መልካም ነው።

የሥራውም ተራ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ መውጫው ይዘጋ። ቀጥሎ ግፊቱ፤ ገደቡና ልኩ ይወሰኑ። ከዚያም ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ይነበቡ፤ በፊት የሠራበት ሰው ያዘዘው ቀርቶ ሊገኝ ይችላልና። በኋላ ሽቦው ይያያዝ፤ በመጨረሻም መውጫው ይከፈት። ልጆችም ይህን ተራ ከመምህራቸው እጅ አይተው ሊለምዱት ይገባል፤ ከተቃጠለ በኋላ የሚወሰን ገደብ ምንም አይጠቅምምና።