ኦሰሎት፦ በቆዳው ምክንያት የታደነ የዱር ድመት

የድመት አስተኔ ሲነሣ አንበሳ፣ ነብርና አቦሸማኔ ቶሎ ይታወሱናል። ኦሰሎት የሚባለውን ግን ብዙዎቻችን በስም እንኳ አናውቀውም። ይህ እንስሳ የሚኖረው በአሜሪካ ክፍለ ዓለም፣ ከደቡብ ቴክሳስ እስከ ሰሜን አርጀንቲና ባለው አገር ነው። ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ከቤት ድመት ሁለትና ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው።

ቆዳው ዝንጉርጉር ነው። እንደ ሰው የጣት አሻራ የአንዱ ነጠብጣብ ከሌላው አይገጥምም። ለመሆኑ ይህ ነጠብጣብ ምን ይጠቅመዋል? በጫካ ውስጥ ብርሃን በቅጠል መካከል እየተቆራረጠ ሲወርድ መሬቱም ዝንጉርጉር ይሆናል። ኦሰሎት ቀን ቀን ዝም ብሎ ከተኛ በቀላሉ አይታይም። ሲመሽ ብቻውን ወጥቶ አይጥ፣ ጥንቸል፣ ወፍና እንሽላሊት ያድናል። ዛፍ ይወጣል፤ ዋናም ይችላል። ድመት ውሃ ይፈራል የሚባለው እሱ ዘንድ አይሠራም!

ታዲያ በጫካ የሚሰውረው ቆዳ ከሰው አላዳነውም፤ እንዲያውም አስገደለው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ለካፖርት መሥሪያ ተብሎ እጅግ ብዙ ኦሰሎት ተገደለ። ለንግድ ሲባል ቆዳውን ከአገር አገር ማዘዋወር በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው።

ጉዳቱን የሚያከብደው አረባቡ ነው። የቤት ድመት ሁለት ወር ያህል አርግዛ አራት አምስት ግልገል ትወልዳለች። ኦሰሎት ግን 80 ቀን ያህል አርግዛ ብዙውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው። ግልገሉም ራሱን እስኪችል ከአንድ ዓመት በላይ ከእናቱ ጋር ይቆያል። ስለዚህ የሞተው ቶሎ አይተካም።

ዛሬ በደቡብ አሜሪካ ሰፊ ጫካ ባለበት አገር ቁጥሩ ደኅና ነው። በቴክሳስ ግን የቀሩት ከ100 ያንሳሉ። እዚያ ጠላቱ አሁን ቆዳ ነጋዴ ሳይሆን የቁጥቋጦው መመንጠርና በሌሊት መንገድ ሲያቋርጥ የሚገጨው መኪና ነው።

እንግዲህ እኛ ነገ እንስሳት ከአካባቢያቸው ጋር እንዴት እንደሚስማሙ ስናስተምር፣ ነጠብጣቡን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥለን ብቻ አንለፍ። «ከጫካ ጠላት የሚሰውር ነገር ሁሉ ከሰው ያድናል ወይ?» ብለን ተማሪዎቻችንን እንጠይቅ። መልሱን ራሳቸው ያገኙታል።