የሶፍ ዑመር ካርታ ቢገለበጥ ምን ይፈጠራል?

ከባሌዋ ሮቤ ከተማ ወደ ምሥራቅ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚደረስበት የሶፍ ዑመር ዋሻ፣ መተላለፊያዎቹ ሲደመሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማሉ። የቦረቦረው ከባሌ ተራሮች የሚወርደው የዌብ ወንዝ ነው፤ ውኃው ስንጥቆችን እየተከተለ የኖራ ድንጋዩን አሟሟው። ስንጥቆቹ እርስ በርስ ስለሚሻገሩ መተላለፊያዎቹም እንደ ሰፈር ቅያስ ይቆራረጣሉ። አንዱ መታጠፊያ ከሌላው ጋር ይምታታል። እዚህ ካርታ ነፍስ ያድናል።

ካርታው ዋሻውን የሚያሳንሰው በአንድ ልክ ነው። 1 ሴንቲ ሜትር 50 ሜትርን ቢወክል፣ 15ቱ ኪሎ ሜትር 3 ሜትር መስመር ይሆናል። ማዕዘኑ ግን አይነካም፤ ዋሻው ውስጥ በ90 ዲግሪ የሚታጠፍ መንገድ ወረቀቱም ላይ በ90 ዲግሪ ይታጠፋል። ስለዚህ ዋሻውና ካርታው ተመሳሳይ ቅርጾች ናቸው። በእኩል መጠን የታተሙ ሁለት ካርታዎች ደግሞ ተገጣጣሚ ናቸው፤ ቢደራረቡ መስመር ከመስመር ልክ ይገጥማል።

ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጓቸው። አንዱን ብታንሸራትቱት ወይም ብታዞሩት ቅርጹ ያው ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚገርመው መገልበጥ ነው። ካርታውን በጀርባው አድርጋችሁ በብርሃን ብታዩት፣ አንድም ርዝመት፣ አንድም ማዕዘን አልተለወጠም፤ በሒሳብ ዓይን አሁንም ተገጣጣሚ ነው። ዋሻው ውስጥ ግን ወደ ግራ መታጠፍ ያለበትን መንገደኛ ወደ ቀኝ ይሰደዋል። ማስመሪያ ይዞ የሚፈትሽ ሰው ስህተቱን አያገኘውም።

«ስንመለስስ ግራው ቀኝ ይሆን የለ?» የሚል ይኖራል። ይሆናል፤ የዞረው ግን ተጓዡ ነው፣ ዋሻው ባለበት አለ። ሲገባ ወደ ግራ የታጠፈ ሰው በዚያው መንገድ ሲወጣ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ካርታውን ከፊቱ ጋር ለማስማማት 180 ዲግሪ ያዞረዋል እንጂ አይገለብጠውም።

የተገለበጠውን ለመለየት አራቱን አቅጣጫዎች የሚያሳየውን ምልክት ፈልጉ። ከሰሜን ተነስታችሁ ወደ ቀኝ ስትዞሩ መጀመሪያ የምታገኙት ምሥራቅን መሆን አለበት። ምዕራብ ከቀደመ ወረቀቱ በጀርባው ተይዟል።