የአንድ ኩንታል ገብስ ሒሳብ፦ የቢራው ትርፍ ጋይንት ይደርሳል ወይ?

አንድ ኩንታል የብቅል ገብስ ፋብሪካ ገብቶ ከተነከረ፣ ከበቀለና ከደረቀ በኋላ 80 ኪሎ ገደማ ብቅል ይወጣዋል። መቶ ሊትር ቢራ ለመጥመቅ ደግሞ ከ15 እስከ 17 ኪሎ ብቅል ይበቃል። ሒሳቡ ሲጠጋጋ ከአንዷ ኩንታል 500 ሊትር ቢራ ይገኛል፤ በ33 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ ሲሞላ 1,500 ጠርሙስ መሆኑ ነው። ግሮሰሪ ተቀምጦ ቢራ ያዘዘ ሰው የከፈለውን ዋጋ በ1,500 አባዝቶ ውጤቱን ነፋስ መውጫ ገበያ ላይ አንድ ኩንታል ገብስ ከሚያወጣው ገንዘብ ጋር ቢያስተያየው ልዩነቱ ሳያስደንቀው አይቀርም።

እርግጥ ነው፣ በመካከሉ ብዙ እጅ አለ። ጠርሙሱና ሳጥኑ፣ ከውጭ የሚመጣው ሆፕ፣ ነዳጁ፣ ኤክሳይስ ታክሱ፣ የማከፋፈያው ኮሚሽንና የባለ ግሮሰሪው ትርፍ ሁሉ ከዚያው ጠርሙስ የሚከፈሉ ናቸው። ገበሬው ተበደለ ለማለት ይህ ብቻውን አይበቃም። ነገር ግን በአማራ ክልል ጎንደር ላይ የተተከለው ትልቅ ክልላዊ ቢራ ፋብሪካ ሲቋቋም ከትርፉ ሕዝብ መልሶ እንዲቋቋም ታስቦ ስለነበር፣ ጥያቄው ከሌላው ቢራ ይልቅ በዚህኛው ላይ ይከብዳል።

ቢራን ለፍትሕና ለመልሶ ግንባታ ማዋል በሌላውም ዓለም የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ፣ በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ከተማ የሚገኘው ዌዘርድ ሶውልስ የተባለ አነስተኛ ጠማቂ «ብላክ ኢዝ ቢዩቲፉል» የሚል ቢራ አወጣ። ጠማቂው ማርከስ ባስከርቪል የአጠማመቁን ቀመር ለማንም በነፃ ለቀቀው። የጠየቀው ነገር ቢኖር ገቢው በየአካባቢው ለፖሊስ ማሻሻያና ለተበደሉ ሰዎች የሕግ ድጋፍ ለሚሠሩ ድርጅቶች እንዲውል ነበር። ከአንድ ሺህ በላይ ጠማቂዎች ተከተሉት። ዘዴው ቀላል ነው፤ ቢራው ይሸጣል፣ ገንዘቡ በዚያው ሰፈር ለታወቀ ሥራ ይሰጣል፣ ማን እንደሰጠና ማን እንደተቀበለ ይታያል።

በእኛ አገር የተሞከረው ከዚህ የተለየ ነው። ጥረት የተባለው የአማራ ክልል ኢንዶውመንት የተመሠረተው በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሲሆን፣ የትግራይ አቻው ኤፈርት በስሙ ራሱ «መልሶ ማቋቋሚያ» የሚል ቃል ይዟል። ዳሸን ቢራ ጎንደር ላይ በ1992 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በዚሁ በጥረት ባለቤትነት ነው። ኢንዶውመንት ማለት ሀብቱ ለበጎ ዓላማ ለዘለቄታው የተሰጠና ለግለሰብ የማይከፋፈል፣ ትርፉም ለዚያው ዓላማ የሚውል ተቋም እንደሆነ በጊዜው የወጣው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ይደነግግ ነበር። በወረቀት ደረጃ ሲታይ ከሳን አንቶኒዮው ይበልጣል። የአሜሪካው የአንድ ዙር ቢራ ገቢ ነው የሰጠው፤ የጎንደሩ ግን ፋብሪካው ራሱ፣ ከነማሽኑና ከነዘለቄታ ትርፉ፣ ለሕዝብ የተሰጠ ነበር።

ችግሩ ያለው «ሕዝብ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ሀበሻ ቢራ ደብረ ብርሃን ላይ በ2007 ዓ.ም. ማምረት ሲጀምር ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ባለአክሲዮኖች ነበሩት። እነዚህ ሰዎች የአክሲዮን ወረቀት በእጃቸው አለ፤ በጠቅላላ ጉባዔ ይሰበሰባሉ፤ የትርፍ ድርሻ ሲዘገይ ይጮኻሉ። የጋይንት፣ የስማዳ ወይም የእስቴ ገበሬ ግን የዳሸን «ባለቤት» ተብሎ ሳለ ወረቀት የለው፣ ድምፅ የለው፣ ኦዲተር አይሾም፣ ሥራ አስኪያጅ አያወርድ። ባለቤትነቱ እንደ ሰማይ ዝናብ ነው፤ ሲመጣ ይመጣል።

ይህ ክፍተት ምን እንደሚያስከትል ኋላ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዱየት የተባለው የእንግሊዝ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ከቫሳሪ ጋር ሆኖ 90 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ዳሸን ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ ሁለተኛው ፋብሪካ ተሠራ። ካፒታል ማስገባቱ በራሱ ስሕተት አልነበረም። ሄኒከን ሐረርንና በደሌን፣ ዲያጂዮ ሜታን በገዙበት በዚያው ሰሞን አንድ ፋብሪካ ብቻ ይዞ መወዳደር የሚታሰብ አይደለም። ይሁንና ከዚያ ቀን ጀምሮ የቢራው ትርፍ ድርሻ ለሁለት ወገን የሚከፈል ሆነ፤ አንደኛው ወገን ደግሞ ስለመልሶ ማቋቋም የገባው ቃል የለም። ጥረት ኮርፖሬት በበኩሉ በ2011 ዓ.ም. የቀድሞ ኃላፊዎቹ ከሀብት ብክነት ጋር በተያያዘ ታስረው በ2012 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለው ተፈርዶባቸዋል። የኮርፖሬቱ ጉዳይ እስከዚያ ድረስ ከከተማ ቢሮ ወጥቶ በገጠር ቀበሌ ስብሰባ ላይ በዝርዝር ሲመረመር አልታየም።

እንግዲህ ከትርፍ ድርሻው በኩል የሚጠበቀው እርግጠኛ ካልሆነ ቀሪው መንገድ የጥሬ ዕቃ ግዢው ነው። ይህኛው የማንንም ቸርነት አይጠይቅም። ፋብሪካው ገብስ ያስፈልገዋል፣ ገበሬው ገብስ ያመርታል። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅም በአገር ውስጥ ጥሬ ዕቃ ለሚጠመቅ ቢራ ዝቅ ያለ ተመን በማስቀመጡ ከውጭ ብቅል ይልቅ የአገሩን መግዛት አትራፊ ሆኗል። ታዲያ የምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ገብስ ለምን ወደ ፋብሪካው እንደልብ አይሄድም?

መሬቱ አላንስ ብሎ አይደለም። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ግርጌ፣ የላይ ጋይንትና የእስቴ ደጋ ቀበሌዎች ገብስ የሚወደው ብርድና ጭጋግ አላቸው። ወደ ታች ጋይንትና ስማዳ ቆላ ሲወረድ ጤፍና ማሽላ ይተካሉ። አገሩ ገደላማ፣ አፈሩ የታጠበ ነው፤ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር አንስቶ የዕርዳታው ተጠቃሚ ወረዳዎች መሆናቸው ይታወቃል። በዚህ ላይ ጦርነቱ ተጨመረ። ነፋስ መውጫ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትቆይ የሆስፒታሉ ዕቃ ተዘርፏል፤ በሴቶች ላይ የተፈጸመውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. መዝግቦታል። መልሶ ማቋቋም የሚለው ቃል ለዚህ ሕዝብ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

የመጀመሪያው መሰናክል የጥራት ጉዳይ ነው። ለእንጀራ፣ ለቆሎና ለበሶ የሚሆን ገብስ ሁሉ ለብቅል አይሆንም። ፋብሪካው የሚፈልገው ፍሬው የሞላና እኩል የሆነ፣ ፕሮቲኑ ከ12 በመቶ ያልበለጠ፣ እርጥበቱ ከ13 በመቶ የወረደ፣ ከመቶው ፍሬ ቢያንስ 95ቱ የሚበቅል ገብስ ነው። ፕሮቲኑ ሲበዛ ቢራው ይደፈርሳል፤ ከብቅሉ የሚወጣው ስኳርም ያንሳል። የሚያስገርመው ደግሞ ገበሬው ምርቱ እንዲጨምርለት ዩሪያ አብዝቶና አዘግይቶ ሲረጭ ፕሮቲኑን ከፍ ማድረጉ ነው። ለዓመታት «ማዳበሪያ ጨምር» ሲባል የኖረ ሰው፣ በጨመረው ምክንያት ገብሱ ከፋብሪካ በር ሲመለስበት ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው አውድማው ነው። በሬ የሚያበራየው ገብስ ከጠጠር፣ ከአፈርና ከተሰበረ ፍሬ ጋር ይቀላቀላል፤ የተሰበረ ፍሬ አይበቅልም። በጉድጓድ የተከማቸና የታመቀ እህልም ሙቀት ይዞት ሕይወቱን ያጣል። ለጠኔ ዘመን ጉድጓዱ ጥሩ ባንክ ነበር። ለብቅል ግን እህሉ በሕይወት መድረስ አለበት።

ሦስተኛው የሰብሳቢው ሰንሰለት ነው። ከየመንደሩ በአህያ የሚመጣው ገብስ አነስተኛ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ፣ ከዚያ ለትልቁ ነጋዴ አልፎ መኪና ላይ እስኪጫን ድረስ ሆልከሩና የመንደሩ ነባር ገብስ አንድ ጆንያ ውስጥ ገብተዋል። ሁለቱ ዘር እኩል ውኃ አይጠጡም፣ እኩል ቀን አይበቅሉም። ብቅል ፋብሪካው ናሙና ወስዶ ሲመልሰው ኪሳራው የነጋዴው ነው፤ ነጋዴውም በሚቀጥለው ዓመት ዋጋውን በሁሉም ገበሬ ላይ ይቀንሳል። ንጹሑን ያመጣውም የተቀላቀለውን ያመጣውም አንድ ዋጋ ሲከፈላቸው ንጹሕ ለማምጣት የሚደክም አይገኝም። ደላሎች ይህን ከማንም በተሻለ ያውቁታል።

መንገዱም አለ። ከወረታ እስከ ወልዲያ የተዘረጋውና አገሬው አሁንም «የቻይና መንገድ» የሚለው መስመር ነፋስ መውጫን ይነካል፤ ወረታ ላይ ከጎንደሩ መንገድ ጋር ይገናኛል። ነገር ግን እስከ ጎንደር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከወገዳና ከአርብ ገበያ የሚነሳው ጭነት ደግሞ እዚያ መስመር ላይ ለመድረስ የራሱ ጉዞ አለው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሳው ግጭት ደግሞ በጭነት ዋጋው ላይ የአደጋ ሒሳብ ጨምሮበታል።

በዚህ መካከል ገብሱን ያለ ናሙና የሚገዛ ሌላ ጠማቂ መኖሩ መዘንጋት የለበትም፤ እርሱም የጠላ ቤቱ ነው። አነስተኛ ጠማቂ የሚባል በጋይንት ካለ ባለ ጋኗ ሴት ናት። ብቅሉን በቅጠል ሸፍና ታበቅላለች፣ አሻሮውን ትቆላለች፣ ጌሾውን ትወቅጣለች፣ ጥንስሱን ጥላ ድፍድፉን ታዘጋጃለች። የቤላቦራቶሪ ደረጃ አትጠይቅም፤ ፍሬው ቢያንስም ቢሰበርም በዋጋው ትደራደራለች። ከሽያጩ ደብተርና እስክሪብቶ ይገዛል፣ የዕቁብ ዕጣ ይጣላል፣ የዕድር መዋጮ ይከፈላል። የወደቀ ቤት መልሶ ሲቆም ደግሞ ደቦ ይወጣል፤ ደቦ ያለ ጠላ አይወጣም። ግድግዳውን ያቆመው የጎረቤት ጉልበት ነው፣ ጉልበቱን የጠራው ጋኑ ነው። የኢንዶውመንት አዋጅ ሳይኖር ጠመቃን ለመልሶ ግንባታ ያዋለ ማን እንደሆነ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም።

ለባለሀብቱ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። ፋብሪካ በገብሱ ላይ የሚወዳደረው ከሌላ ፋብሪካ ጋር ብቻ ሳይሆን ከጠላ ቤቱና ከገበሬው ጎተራ ጋርም ነው። ዋጋው ከእነዚህ በልጦ ካልተገኘ ገበሬው ለብቅል የሚሆነውን ዘር አይዘራም፤ ትክክልም ነው፤ ጥራቱ ወድቆ ቢመለስበት የሚበላው ማጣት የለበትማ።

በአርሲና በባሌ በኩል የተሞከረውን ማየት ይጠቅማል። ሄኒከን ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በኔዘርላንድስ መንግሥት ድጋፍ ከአነስተኛ ገበሬዎች ጋር በውል ሲሠራ፣ ትራቨለርና ግሬስ የተባሉ ዘሮችን አስገብቶ ዘሩን፣ ምክሩንና ግዢውን በአንድ ገመድ አስሮ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የፈረንሳዩ ሱፍሌ ቦሌ ለሚ ላይ፣ የቤልጅየሙ ቦርትማልት ደብረ ብርሃን ላይ ትልልቅ የብቅል ፋብሪካዎች ከፍተዋል። ከአሰላና ከጎንደር ብቅል ፋብሪካዎች ጋር ሲደመሩ የገብስ ፈላጊው እጅ በዝቷል። ፈላጊ ሲበዛ ዋጋ ይወጣል፤ ዋጋው ሲወጣ ግን መጀመሪያ የሚደርሰው ለፋብሪካው ቅርብ ለሆነው የሸዋና የአርሲ ገበሬ ነው። ጋይንት ወረፋው መጨረሻ ላይ ነች።

ወደዚያ የሚሄድ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባው አንድ ነገር ግዢው በኅዳር እንደማይጀመር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ብር ይዞ የሚደርስ የተቀላቀለ ገብስ ይጠብቀዋል። በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ በመሠረታዊ ማኅበሩ በኩል አንድ ዓይነት ዘር ለአንድ ጎጥ ያከፋፈለ፣ የዩሪያውን መጠንና ጊዜ የተስማማ፣ ለንጹሑ ገብስ የሚጨምረውን ዋጋ አስቀድሞ ያስታወቀ ሰው ግን ሌላ ገብስ ይጭናል። አውድማ ላይ የሚነጠፍ ሸራ ማቅረብም ከወጪው ዝርዝር ውስጥ ይግባ፤ ዋጋው ከፋብሪካ በር ከሚመለስ አንድ መኪና ጭነት ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም።