ያመለጡትን ማን ተቀበላቸው?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 1838 አንድ የሃያ ዓመት ወጣት የመርከበኛ ልብስ ለብሶ ባልቲሞር ላይ ወደ ሰሜን የሚሄድ ባቡር ተሳፈረ። ኪሱ ውስጥ ያለው ወረቀት ባለቤቱ ነፃ መርከበኛ መሆኑን ይመሰክራል፤ ነገር ግን ወረቀቱን የተዋሰው ከወዳጁ ነው፤ የተጻፈበት የመልክ መግለጫም ከእሱ መልክ ጋር ብዙም አይገጥምም። ቲኬት ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ገልመጥ አድርጎ አለፈ። ይህ ወጣት ኋላ ፍሬድሪክ ዳግላስ በሚል ስም የገነነው ተናጋሪና ጸሐፊ ነው። ከባርነት ማምለጡን ብዙ ሰው ያውቃል፤ በመንገዱ ላይ እነማን እንደቆሙለት የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ለጉዞው ገንዘብ የረዳችው ባልቲሞር ውስጥ በሰው ቤት እየሠራች የምትኖረው ነፃ ጥቁር እጮኛው አና መሪ ናት። ኒውዮርክ ደርሶ ማደሪያ አጥቶ ሲንከራተት አንድ መርከበኛ አግኝቶት ወደ ዴቪድ ራግልስ ቤት አደረሰው። ራግልስ ነፃ ሆኖ የተወለደ ጥቁር ሲሆን፣ ያመለጡ ሰዎችን ከአሳዳጆቻቸው ለመከላከል በ1835 የተቋቋመው የኒውዮርክ የጥበቃ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበር። አና ተከትላ ስትመጣ ያጋባቸው ቄስ ጄምስ ፔኒንግተን ራሱ ከሜሪላንድ ባርነት ያመለጠ ሰው ነው። ራግልስ አምስት ዶላር ሰጥቶ ወደ ኒው ቤድፎርድ ላካቸው። እዚያ ሲደርሱ የሠረገላው ነጂ ሒሳቤን ካላገኘሁ ብሎ ዕቃቸውን ያዘባቸው። ሁለት ዶላር አበድሮ ያስለቀቀላቸው፣ ቤቱ ያስቀመጣቸው፣ ዳግላስ የሚለውንም ስም የመረጠለት ናታን ጆንሰን የተባለ የከተማው ጥቁር ነዋሪ ነው።

በአሜሪካ ከባርነት ያመለጡ ሰዎችን ከቤት ወደ ቤት፣ ከከተማ ወደ ከተማ እያቀባበለ ወደ ሰሜናዊ ግዛቶችና ወደ ካናዳ ያደርስ የነበረው ኅቡእ መረብ «የምድር ውስጥ ባቡር» በሚል ስም ይታወቃል። ሐዲድም ባቡርም የለውም፤ ያሉት ሰዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ መረብ ሲነሳ በብዙዎች ዓይነ ኅሊና የሚመጣው አንድ ደግ ነጭ ገበሬ፣ ከቤቱ ወለል ሥር ያዘጋጀው መደበቂያ፣ በሩ ላይ የሰቀለው ፋኖስ ነው። ያመለጡት ሰዎች በዚህ ሥዕል ውስጥ ስም የላቸውም፤ ታዳጊ የሚጠብቁ ምስኪኖች ናቸው። እንዲህ ያለ ቤትም፣ እንዲህ ያለ ገበሬም በእርግጥ ነበረ። ሆኖም ሥዕሉ ታሪኩን ገልብጦ ያስቀምጠዋል። ነፃነቱን የጀመሩት ያመለጡት ራሳቸው ናቸው፤ በሩን ቀድመው የከፈቱላቸውም፣ ነገ ተመሳሳይ ዕጣ ሊደርስባቸው የሚችል፣ አብዛኞቹም ድሆች የሆኑ ጥቁር ጎረቤቶች ናቸው።

ሥዕሉ እንዴት እንደተገለበጠ መረዳት አይከብድም። በ1898 የኦሃዮው የታሪክ መምህር ዊልበር ሲበርት ስለ መረቡ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ በመጨረሻውም ከሦስት ሺህ በላይ የረዳቶች ስም ዘረዘረ። አብዛኞቹ ነጮች ናቸው። ሲበርት ሰነፍ ተመራማሪ አልነበረም፤ መረጃውን በብዛት የሰበሰበው ግን በዕድሜ ከገፉ ፀረ ባርነት ታጋዮችና ከልጆቻቸው ጋር በተጻጻፈው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ፣ የአባቱን ስም በከተማው ታሪክ ውስጥ የሚያገኝ፣ አድራሻው የሚታወቅ ቤተሰብ የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው። ሌሊት አንድ ሰው አሳድራ በማለዳ ልብስ ልታጥብ የምትወጣ ጥቁር ሴት በዚያ ዝርዝር ውስጥ የምትገባበት መንገድ አልነበረም። የታሪክ ምሁሩ ላሪ ጋራ በ1961 ባሳተመው ጥናት ይህን ጉድለት ነቅሶ እስኪያወጣ ድረስ ስድሳ ዓመት ያህል አልፏል።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ሌላ መዝገብ ነበረ፤ ያዘጋጀውም ዊሊያም ስቲል ነው። ስቲል የፊላዴልፊያ ፀረ ባርነት ቢሮ ሠራተኛ፣ ኋላም የከተማው የጥበቃ ኮሚቴ መሪ የነበረ ጥቁር ነው። በ1850 በጋ ፒተር የሚባል ሰው ወደ ቢሮው መጣ። ከአርባ ዓመት በላይ በባርነት ኖሮ ነፃነቱን የገዛ፣ በልጅነቱ የተለየውን ቤተሰቡን የሚፈልግ ሰው ነው። የእናቱን ስም ሲናገር፣ ከየት እንደመጡ ሲያስረዳ፣ ስቲል ከፊቱ የተቀመጠው ሰው የገዛ ወንድሙ መሆኑን ተረዳ። እናታቸው ከሜሪላንድ ስታመልጥ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ለመተው ተገድዳ ነበር፤ ፒተር አንዱ ነው፤ ስቲል ደግሞ ከዚያ በኋላ በኒው ጀርዚ የተወለደ። ከዚህ ቀን በኋላ ስቲል የሚመጣውን ሰው ሁሉ ስም፣ የተለወጠ ስም፣ የባለቤቱን ስም፣ የተዋቸውን ዘመዶች ስም እየጠየቀ በጥንቃቄ መዘገበ፤ አንድ ቀን የሚፈላለጉ ቤተሰቦች ይገናኙበታል ብሎ። እንዲህ ያለው ወረቀት ቢያዝ ብዙ ሰው ያስጠፋ ስለነበር መዝገቦቹን ደበቃቸው፤ በ1872 ግን በመጽሐፍ አወጣቸው። መጽሐፉን የሚያነብ ሰው የሚያገኘው ምስኪኖችን አይደለም። ጌታውን እንዴት እንዳታለለ የሚናገር አንጥረኛ፣ ልጇ ሊሸጥ መሆኑን ሰምታ በዚያው ሌሊት የተነሣች እናት፣ የመርከብ ካፒቴን በገንዘብ ያግባባ ወጣት ያገኛል። ዕቅዱም ድፍረቱም የራሳቸው ነው።

እርዳታው የሚጀምረውም ሰሜን ከተደረሰ በኋላ አልነበረም። እዚያው ባርነት ባለበት ምድር፣ በጎጆዎቹ መካከል ነው የሚጀምረው። በ1849 ከሜሪላንድ ያመለጠችው ሃሪየት ተብማን ሰዎች ለማውጣት አሥራ ሦስት ጊዜ ያህል ተመልሳ ሰባ የሚሆኑ ሰዎች ይዛ ወጥታለች። የ1854ቱ ጉዞዋ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ ያሳያል። ወንድሞቿ ከገና በዓል በኋላ ሊሸጡ መሆኑን ስትሰማ ጄኮብ ጃክሰን ለሚባል ማንበብ ለሚችል ነፃ ጥቁር ደብዳቤ አስጻፈች። የፖስታ ቤት ሰዎች ደብዳቤውን ከፍተው ቢያነቡትም ምንም አልገባቸውም፤ ጃክሰን ግን ገብቶታል፤ የማይመለከተኝ ደብዳቤ ነው ብሎ ከሰጣቸው በኋላ ሄዶ ለወንድሞቿ ነገራቸው። በገና ሌሊት ሁሉም በወላጆቻቸው ቤት አጠገብ ባለ የእህል ጎተራ ተደበቁ። እናታቸው ልጆቼ ለበዓል ይመጣሉ ብላ ስትጠብቅ ዋለች፤ ድምፅ አውጥታ እንዳታለቅስ ፈርተው አልነገሯትም። አባታቸው ቤን ሮስ ግን ያውቃል። ምግብ ይዞላቸው ሲመጣ ቀና ብሎ አላያቸውም፤ ሲሸኛቸውም ዓይኑን በመሀረብ አስሮ ነው ጥቂት መንገድ አብሯቸው የሄደው። በማግስቱ አሳዳጆቹ መጥተው ሲጠይቁት ልጆቼን አላየሁም ማለት ይችላል፤ ሳይዋሽ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ሰዎች አንዱም ሀብታም አይደለም፤ አንዱም ባለሥልጣን የሚያውቅ የለም። ያላቸው መተማመን ነው።

መተማመን ያልነው ሁልጊዜ አልጸናም። በ1857 ቶማስ ኦትዌል የተባለ ጥቁር መንገድ መሪ፣ ተብማን ራሷ ያመነችው ሰው፣ ስምንት አምላጮችን በደላዌር ዶቨር ከተማ ለሽልማት ገንዘብ ሲል ወደ እስር ቤት መራቸው። ሰዎቹ ነገሩ ሲገባቸው ከሸሪፉ ክፍል ፍም በትነው፣ መስኮት ሰብረው አመለጡ። ይህን የምጠቅሰው የቆዳ ቀለም በራሱ ደግነት እንደማያፈራ ለማስታወስ ነው። ጥቁሩን ማኅበረሰብ አስተማማኝ መጠጊያ ያደረገው ነገር አኗኗሩ ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ አንድ ወደብ ላይ ይሠራሉ፤ ዘመዳቸው ወንዙን ተሻግሮ በባርነት ይኖራል። እንግዳ ሰው መንደር ሲገባ ወሬው የሚደርሰው መጀመሪያ ለእነርሱ ነው።

በ1850 የወጣው አምላጮችን የማስመለስ ሕግ ይህን ማኅበረሰብ ፈተነው። አምላጭን የረዳ እስከ አንድ ሺህ ዶላርና እስከ ስድስት ወር እስራት ይቀጣል። የተያዘው ሰው ስለራሱ የመመስከር መብት የለውም። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚሽነር ሰውዬውን ለባለቤቱ ከመለሰ አሥር ዶላር፣ ከለቀቀው አምስት ዶላር ይከፈለዋል። በዓመቱ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1851 ጎሕ ሲቀድ፣ ኤድዋርድ ጎርሰች የተባለ የሜሪላንድ ባሪያ አሳዳሪ ከፌዴራል መኮንንና ከዘመዶቹ ጋር በፔንሲልቫንያ ክርስቲያና አቅራቢያ የዊሊያም ፓርከርን ቤት ከበበ። ፓርከር ራሱ ያመለጠ ሰው ነው፤ በአካባቢው ጥቁሮችን አሰባስቦ ራስን የመከላከል ማኅበር አቋቁሟል። ሰዎቹ እንደሚመጡም አስቀድሞ ሰምቷል፤ ሳሙኤል ዊሊያምስ የሚባል የፊላዴልፊያ ጥቁር ወሬውን ይዞ ቀድሟቸው ደርሶ ነበርና። ሚስቱ ኤላይዛ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥታ በመስኮት ጥሩምባ ነፋች። ከታች ተኮሱባት፤ ከድንጋዩ ግንብ ጀርባ ዝቅ ብላ መንፋቷን ቀጠለች። ጎረቤቶች ጠመንጃ የያዘ ጠመንጃውን፣ ማጭድ የያዘ ማጭዱን እያነሳ መጡ። ጎርሰች ሞተ፤ ልጁ ቆሰለ። መንግሥት ሠላሳ ስምንት ሰዎችን በአገር ክህደት ከሰሰ። መጀመሪያ የቀረበው ካስትነር ሃንዌይ የተባለ ነጭ ባለ ወፍጮ ሲሆን፣ ጥፋቱ መኮንኑን አልረዳም ማለቱ ነው። የጁሪ አባላቱ ሩብ ሰዓት ያህል መክረው በነፃ አሰናበቱት፤ የሌሎቹም ክስ ፈረሰ። ፓርከር ሮቸስተር ወደሚገኘው የፍሬድሪክ ዳግላስ ቤት ደርሶ ከዚያ በመርከብ ወደ ካናዳ ተሻገረ። የክሱ ሂደት ራሱ ነገሩን ይገልጠዋል፤ ቤቱን የተከላከሉት ጥቁሮች ሆነው ሳለ መንግሥት የነገሩ መሪ ነው ብሎ ያሰበው ነጩን ነው።

ይህ አነጋገር ነጭ ረዳቶችን ያሳንሳል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢ ተቃውሞ ነው። የዊልሚንግተኑ የኩዌከር እምነት ተከታይ ቶማስ ጋሬት በ1848 ፍርድ ቤት ቀርቦ በከባድ የገንዘብ ቅጣት ተመታ፤ ከዚያም በኋላ ቤቱን አልዘጋም። ሄንሪ ብራውንን በሣጥን አሽጎ ከሪችመንድ ወደ ፊላዴልፊያ የላከው ነጩ ሳሙኤል ስሚዝ ሌሎችን ሊልክ ሲል ተይዞ ዓመታት ታስሯል። የእነዚህን ሰዎች ዋጋ መካድ ግፍ ነው። የዊልሚንግተን ጥቁሮችም አልካዱትም፤ በ1871 ጋሬት ሲሞት አስከሬኑን በትከሻቸው ተሸክመው የቀበሩት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን ጋሬት ለስቲል በጻፋቸው ደብዳቤዎች ሰዎቹን ድንበር የሚያሻግሩለትን ጥቁር ረዳቶች ደጋግሞ ያነሣል። የኢንዲያናው ሌቪ ኮፊንም እሱ ወደ መንደሩ ከመምጣቱ በፊት አምላጮች የሚያርፉት በጥቁሮቹ ዘንድ እንደነበረ በትዝታ መጽሐፉ ጽፏል። ኮፊን ወደ ሥራው የገባው ሲሠራ አግኝቶት ነው። ነጮቹ ገንዘብ፣ ጠበቃ፣ ጋዜጣና የምርጫ ድምፅ ነበራቸው፤ ይህ ብዙ ነው። ይዘውት የገቡት ግን ቀድሞ ወደቆመ ቤት ነው፤ ቢያዙም መቀጮ ይከፍላሉ፣ ይታሰራሉ እንጂ ለጨረታ አይቀርቡም።

አምላጮቹ ካናዳ ሲደርሱም ነገሩ በመድረስ ብቻ አያበቃም። ፓርከር የሰፈረበት ቡክስተን በ1849 ዊሊያም ኪንግ በተባለ ቄስ የተቆረቆረ የጥቁሮች መንደር ነው። ሰፋሪዎቹ ሃምሳ ሃምሳ ኤከር መሬት፣ ኤከሩን በሁለት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ሒሳብ፣ በዓመታት ክፍያ ገዙ። ትምህርት ቤታቸው ጥሩ ከመሆኑ የተነሣ የአካባቢው ነጮች ልጆቻቸውን ይልኩበት ጀመር። ዶውን የተባለውን ሌላ ሰፈር ከመሠረቱት አንዱ ጆሳያ ሄንሰን ነው፤ ሄንሰን አብዛኛውን የባርነት ዘመኑን ያሳለፈው በሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲ ሲሆን፣ ዛሬ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዚያ ካውንቲ በስሙ ሙዚየም ተከፍቷል።

የመጨረሻው ተቃውሞ የቁጥር ነው። የታሪክ ምሁሩ ኤሪክ ፎነር እንደሚገምተው ከ1830 እስከ 1860 በየዓመቱ ከአንድ ሺህ እስከ አምስት ሺህ ሰዎች አምልጠዋል። በ1860 በባርነት ሥር የነበሩት ግን አራት ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ምን ለወጠ? ባሪያ አሳዳሪዎቹን መጠየቅ ይበቃል። ሳውዝ ካሮላይና ከአሜሪካ ኅብረት የተለየችበትን ምክንያት ዲሴምበር 24 ቀን 1860 ስትገልጽ፣ ሰሜኖቹ አምላጮችን አንመልስም ማለታቸውን ከዋና ቅሬታዎቿ አንዱ አድርጋ ጽፋለች። እነዚያ ጥቂቶቹ ባያመልጡ፣ ጎረቤቶቻቸውም ባያስጠጓቸው ይህ ቅሬታ አይኖርም ነበር። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመርም መንገዱን ያሳዩት አምላጮች ናቸው። በሜይ 1861 ፍራንክ ቤከር፣ ጄምስ ታውንሰንድና ሼፐርድ ማሎሪ የተባሉ ሦስት ሰዎች በሌሊት ጀልባ ቀዝፈው በቨርጂኒያ በሰሜኑ ጦር እጅ ወደሚገኘው የሞንሮ ምሽግ ገቡ። የምሽጉ አዛዥ ጄነራል በትለር አልመልስም አለ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶዎች ተከተሉ፤ ጦርነቱ እስኪያበቃ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሰሜኑ ጦር ይዞታ ሸሽተዋል። በምሽጉ አቅራቢያ ለተጠለሉት ሰዎችና ለልጆቻቸው በዚያው ዓመት ትምህርት ቤት የከፈተችው ሜሪ ፒክ የተባለች ነፃ ጥቁር ሴት ናት፤ ከጦርነቱ በፊትም የቨርጂኒያን ሕግ ተላልፋ በሥውር ፊደል ታስቆጥር ነበር።